ካሪም ወይስ ዋልተን? የዩሲኤልኤ ክርክር ለምን አያልቅም

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊ ፓቪሊዮን የሚባል አዲስ የስፖርት አዳራሽ ተመረቀ። ለምረቃው የተመረጠው ጨዋታ የእርስ በርስ ነበር። በአንድ በኩል የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ዋናው የቅርጫት ኳስ ቡድን ተሰለፈ። ይህ ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ነበር፤ ሦስተኛውንም ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። በሌላ በኩል ገና ግቢውን በቅጡ ያልለመዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች። ጀማሪዎቹ 75 ለ 60 አሸነፉ። ከመካከላቸው አንድ ቁመተ ሎጋ የኒውዮርክ ልጅ 31 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቀለበቱን ስተው ከተመለሱት ኳሶች ደግሞ 21ዱን ለቀመ። ሉ አልሲንዶር ይባላል። ዓለም በኋላ ያወቀው ካሪም አብዱል-ጀባር በሚለው ስሙ ነው።

ከዚያስ? ልጁ በዚያ ዓመት ለዋናው ቡድን አንድ ደቂቃ አልተጫወተም። ሕጉ አይፈቅድማ! የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የሚተዳደረው ኤንሲኤኤ በሚባል ማኅበር ነው። ማኅበሩ እስከ 1972 ድረስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው የቅርጫት ኳስ ቡድን እንዲሰለፍ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ አገሪቱ ውስጥ ካሉት ተጫዋቾች ምናልባትም ምርጡ የሆነው ልጅ ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር ሲጫወት ከረመ። በእነሱ የተሸነፈው ሻምፒዮን ደግሞ በዚያ ዓመት ወደ ፍጻሜው ውድድር እንኳ ሳይገባ ቀረ።

«በዩሲኤልኤ ታሪክ ምርጡ ተጫዋች ማነው?» የሚለውን ጭቅጭቅ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል። ከውጭ ሲታይ ቁጥር አውጥቶ ማወዳደር ይመስላል። ግን ቁጥሮቹ የተመዘገቡት በተለያየ ሕግ ነው። አንዱ ሦስት ዓመት ብቻ ተፈቅዶለት ተጫወተ። ሌላው አራት ዓመት። ሌላው ደግሞ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ደመወዙ ሄደ። አንዱ ዳንክ፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መክተት፣ ተከልክሎ ነበር። ሌላው ባለ ሦስት ነጥብ መስመር፣ ከሩቅ የገባ ኳስ ሦስት የሚቆጠርበት፣ አልነበረለትም። እኛ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ እያልን ስንጨቃጨቅ ቢያንስ 10 ሺህ ሜትር ያው 10 ሺህ ሜትር ነው። እዚህ የሩጫው ርቀት ራሱ በየጊዜው ተቀይሯል።

ለማያውቀው አንድ ሁለት ነገር ልበል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በአሜሪካ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ማርች ላይ የሚደረገው ውድድር አገሩን በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ይተክላል። በወንዶቹ ውድድር የብዙ ሻምፒዮናነት ክብር የዩሲኤልኤ ነው፤ 11 ጊዜ አሸንፏል። ከእነዚህ አሥሩ የመጡት በአንድ አሰልጣኝ፣ በጆን ዉደን ነው። ዉደን ከ1948 እስከ 1975 አሰለጠነ። ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ ያልበላው ሁለት ዋንጫ ብቻ ነው፤ የ1966ቱንና የ1974ቱን። ከ1967 እስከ 1973 ሰባቱንም ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ይህን የሚጠጋ የለም። ግቢው የሚገኘው ዌስትዉድ ሲሆን ከፌርፋክስ መንገዱ የሐበሻ ሰፈር፣ ከሊትል ኢትዮጵያ፣ ብዙም አይርቅም። በዚያ በኩል የምትኖሩ ሰማያዊና ወርቃማ ማልያ የለበሰ ጎረቤት አታጡም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች።

አልሲንዶር ሲፈቀድለት፣ በሁለተኛ ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከከተማው ባላንጣ ከዩኤስሲ ጋር አደረገና 56 ነጥብ አገባ። ወራት ሳይቆይ ዋሽንግተን ስቴት ላይ 61 አስቆጠረ። በሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ ወሰደ። በሦስቱም የፍጻሜው ውድድር ኮከብ እሱ ሆኖ ተመረጠ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ያሳካ ሌላ ተጫዋች የለም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ቡድኑ 88 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ።

ሁለቱም ሽንፈቶች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያው ጃንዋሪ 1968 በሂውስተን አስትሮዶም ነው። ከ52 ሺህ በላይ ሰው ገባ፤ ለቅርጫት ኳስ በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር። አልሲንዶር ከዚያ በፊት ዓይኑ ተጭሮበት ነበር። ከ18 ሙከራ 4 ብቻ አገባ። የሂውስተኑ ኤልቪን ሄይስ 39 አስቆጠረ። ውጤቱ 71 ለ 69። ከሁለት ወር በኋላ በግማሽ ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። ዩሲኤልኤ 101 ለ 69 ደቆሳቸው፤ ሄይስም በ10 ነጥብ ተወሰነ። ሁለተኛው ሽንፈት 1969 በዩኤስሲ 46 ለ 44 የመጣው ነው። ውጤቱ ለምን እንዲህ አነሰ? ያኔ ቡድን በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ኳሱን ወደ ቀለበት እንዲወረውር የሚያስገድድ ሰዓት አልነበረም። አልሲንዶርን ማስቆም ያቃተው ቡድን ኳሱን ይዞ፣ እየተቀባበለ፣ ጊዜ ይገድል ነበር። ሰዓቱ ኮሌጅ የገባው በ1985 ነው። እንግዲህ በአንድ ጨዋታ ያገባው አማካይ 26.4 ነጥብ የተመዘገበው ኳስ እየደበቁበት ጭምር መሆኑ አይረሳ።

ቀጥሎ የዳንኩ ጉዳይ አለ።  የአልሲንዶር የመጀመሪያ ዓመት እንዳለቀ ኤንሲኤኤ ዳንክን ጭራሽ ከለከለ። ሰው ይጎዳል፣ ዕቃ ይሰበራል የሚል ምክንያት ሰጠ። ሕዝቡ ግን «የአልሲንዶር ሕግ» ብሎ ጠራው፤ ለማን እንደወጣ ማንም አልጠፋውም። ልጁ ምን አደረገ? አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በጎን የሚልከውን ሆክ ሹት ይበልጥ ሳለው። በኋላ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ፣ ማንም ሊደርስበት ያልቻለው ይኸው ውርወራ ነው። የኤንቢኤ የምንጊዜም ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪነትን፣ 38,387 ነጥብ፣ ሌብሮን ጄምስ በ2023 እስኪያልፈው ድረስ ይዞ ቆየ።

ቢል ዋልተን የመጣው አልሲንዶር በ1969 ከወጣ በኋላ ነው። ቀይ ፀጉር፣ የሳንዲያጎ ልጅ፣ ጉልበቱ የሚያስቸግረው፣ በ1972 የቬትናምን ጦርነት ተቃውሞ ሰልፍ ወጥቶ የታሰረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመቶቹ ቡድኑ 30 ለ 0፣ ከዚያም እንደገና 30 ለ 0 ሆኖ ጨረሰ። ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ያለ አንድ ሽንፈት! የዩሲኤልኤ ዝነኛ 88 ተከታታይ ድል አብዛኛው የእሱ ነው። ሦስቱንም ዓመት የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሏል።

የዋልተን ደጋፊ ሁሉ የሚመዘው ካርድ ግን አንድ ምሽት ነው። ማርች 1973፣ ሴንት ሉዊስ፣ ፍጻሜው ከሜምፊስ ስቴት ጋር። ዋልተን 22 ጊዜ ወረወረ፤ 21ዱ ገባ። 44 ነጥብ። እስቲ ይህን ቀስ ብለን እንየው። የመጀመሪያው አጋማሽ 39 ለ 39 ነው ያለቀው፤ ማለትም የተበላሸ ተጋጣሚ ላይ የተገኘ ቁጥር አይደለም። ዋልተን ፋውል በዝቶበት እየተጠነቀቀ ነበር የሚጫወተው። ዳንክ አሁንም ክልክል ነው። ስለዚህ ግሬግ ሊ የሚባለው ጓደኛው ኳሱን ከቀለበቱ አጠገብ ወደ ላይ ይልክለታል፤ ዋልተን ዘሎ አየር ላይ ይይዘዋል፤ ከዚያ መሰካት ስለማይችል ቀለበቱ ውስጥ በቀስታ ያስቀምጠዋል። ደግሞ ይልክለታል። ደግሞ ያስቀምጠዋል። ሊ በዚያ ምሽት 14 ኳስ አመቻችቶ ሰጥቷል። ዩሲኤልኤ 87 ለ 66 አሸነፈ። በኮሌጅ ፍጻሜ ታሪክ አንድ ተጫዋች ካሳየው ሁሉ የላቀ ነው ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። እኔም አልከራከርም።

ችግሩ የዋልተን ሦስተኛ ዓመት ነው። ጃንዋሪ 1974 ወገቡ ተጎድቶ ከሰነበተ በኋላ ኖትር ዳም ላይ ተመልሶ ተሰለፈ። ዩሲኤልኤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው 70 ለ 59 ይመራ ነበር። ከዚያ ኖትር ዳም የመጨረሻዎቹን 12 ነጥቦች በተከታታይ አገባ። 71 ለ 70። የ88ቱ ጨዋታ ሰንሰለት ተበጠሰ። ቀጥሎ በኦሪገን ስቴትና በኦሪገን ተሸነፉ። በመጨረሻም በግማሽ ፍጻሜው ዴቪድ ቶምፕሰንን የያዘው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 80 ለ 77 አስወጣቸው። በዚያ ጭማሪ ሰዓት ሰባት ነጥብ መርተው ነበር። ዋልተን 29 ነጥብና 18 ሪባውንድ (ቀለበቱን ስተው ሲመለሱ የተለቀሙ ኳሶች) አስመዝግቧል፤ ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት ይከብዳል። ሆኖም አልሲንዶር ከሦስት ሦስት ዋንጫ ሲወስድ ዋልተን ከሦስት ሁለት ሆነ።

በነገራችን ላይ በሪባውንድ ሁለቱ ያላቸው ልዩነት ያስቃል። በኮሌጅ ዘመናቸው ዋልተን 1,370፣ አልሲንዶር 1,367። ሦስት ኳስ! በዚህ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚሟገት ሰው አለ።

የእኔ ፍርድ? አንድ ጨዋታ ምረጥ ካላችሁኝ ዋልተን። ኳስ ለጓደኛ በማቀበልና ሌሎቹን በማጫወትም ዋልተን ይበልጣል። በሙሉ ሚዛን ግን አልሲንዶር። የጨዋታው ባለሥልጣናት ሕግ ቀይረውበት፣ ተጋጣሚዎች ኳስ ደብቀውበት፣ አንድ ዓመቱን በነፃ ቀምተውት፣ ያም ሆኖ ሦስቱንም ወሰደ። ሜይ 2024 ዋልተን ሲያርፍ ይህ ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ፤ አሸናፊውም እንደ ወትሮው በተናጋሪው ዕድሜ ይወሰን ነበር።

ዋንጫዎቹ ቀላል ነበሩ የሚል ተቃውሞም ይነሳል። እውነት አለው። ዛሬ ውድድሩ 68 ቡድን ይዞ ሻምፒዮን ለመሆን ቢያንስ ስድስት ድል ይጠይቃል። ያኔ ዩሲኤልኤ አራት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ያነሳ ነበር። ምድቡም በአካባቢ ስለነበር ከምዕራቡ ቡድኖች ጋር ተጫውቶ ነው ወደ መጨረሻዎቹ አራት የሚያልፈው። ግን ሌላውንም ጎን እዩ። ያኔ ከየሊጉ የሚያልፈው አንደኛው ብቻ ነበር። በ1971 ዩኤስሲ ዓመቱን 24 ለ 2 ጨረሰ። ሁለቱም ሽንፈቶች በዩሲኤልኤ እጅ የመጡ ናቸው። ሁለተኛ ወጣ፤ እቤቱ ቀረ። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አንድ መጥፎ ምሽት ዓመቱን ይበላል።

ሌላው የሚነሳው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሳም ጊልበርት የሚባል የሎስ አንጀለስ ባለሀብት የሕንፃ ተቋራጭ ለተጫዋቾች ልዩ ልዩ ነገር ያደርግላቸው እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ኤንሲኤኤ በ1981 ዩሲኤልኤን ቀጣ፤ የ1980 የሁለተኛነት ውጤቱንም ሰረዘ። የዉደን ዋንጫዎች ግን አልተነኩም። ይህን ይዞ ዋንጫዎቹን ባዶ የሚያደርግ አለ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። አልሲንዶርን ዩሲኤልኤ ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ኳሱን ቀለበት ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው።

አሁን የክርክሩ በጣም አሳሳች ክፍል። ብዙ ሰው ዝርዝር ሲያወጣ በኤንቢኤ የታወቀውን ይጨምራል። ራስል ዌስትብሩክ ዩሲኤልኤ ነበር፤ በ2017 የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። በግቢው የመጀመሪያ ዓመት ግን ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ በጨዋታ አማካይ 3.4 ነጥብ ነበር የሚያገባው። ሁለተኛ ዓመቱ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ሄደ። ኬቨን ላቭ አንድ ዓመት፣ 2007–08፣ ቆየ፤ 17.5 ነጥብና 10.6 ሪባውንድ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ ግማሽ ፍጻሜ። ያቺ አንዲት ዓመት ግሩም ነበረች። ግን አንድ ዓመት ናት። ሬጂ ሚለር አራት ዓመት ተጫወተ፤ ከ2,000 በላይ ነጥብ አስቆጠረ። የሚያሳዝነው፣ ባለ ሦስት ነጥብ መስመር በኮሌጅ በሙሉ የተሠመረው በ1986–87፣ እሱ ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። የዓለምን ዝና ያተረፈበትን መሣሪያ በግቢው የተጠቀመበት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በእሱ ጊዜም ቡድኑ ብሔራዊ ሻምፒዮና አጠገብ አልደረሰም።

ስለዚህ ጥያቄው ስለ ግቢው ከሆነ በግቢው የሠሩትን ብቻ ቁጠሩ። በኋላ ያለው ዝና ሌላ መዝገብ ነው።

የነጥብ ጠቅላላ ድምርም እንዲሁ ያሳስታል። በወንዶቹ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ አስቆጣሪ ዶን ማክሊን ነው፤ ከ1988 እስከ 1992፣ 2,608 ነጥብ። አልሲንዶር 2,325። ማክሊን በአራት ዓመት፣ አልሲንዶር በሦስት። ለአልሲንዶር የተቀማውን ዓመት በ30 ጨዋታ አስቡለት፤ በአማካዩ ሲሰላ ከ3,100 ያልፋል። ያም ሆኖ የግቢው ክብረ ወሰን አይሆንም ነበር። ዴኒስ ከሪ ከ1977 እስከ 1981 ለሴቶቹ ቡድን 3,198 ነጥብ አስቆጥራለች። ከእሷ ጋር የተጫወተችው አን ማየርስ ደግሞ በ1978 በአንድ ጨዋታ 20 ነጥብ፣ 14 ሪባውንድ፣ ለግብ ያበቁ 10 ኳሶችና 10 የተነጠቁ ኳሶች አስመዝግባ፣ በዚያው ዓመት ቡድኑን ሻምፒዮን አድርጋለች። «በዩሲኤልኤ ታሪክ» ብለው ጀምረው እነዚህን ሁለቱን ሳይጠሩ የሚጨርሱ ሰዎች ጥያቄያቸውን አሳጥረው ቢጠይቁ ይሻላል።

ከወንዶቹ ሦስተኛው ማነው የሚለው ነው እኔን ይበልጥ የሚጥመኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታወቁ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ክፍት ነው።

ዋልት ሃዛርድ የ1964ቱን ቡድን መራ። ከቋሚዎቹ አንድም ሰው ከ1 ሜትር ከ96 የማይበልጥ፣ ሜዳውን ሙሉ እየተጫነ የሚጫወት፣ 30 ለ 0 የጨረሰ ቡድን። የዉደን የመጀመሪያ ዋንጫ የእሱ ነው። ሲድኒ ዊክስ በ1970 ፍጻሜ ከእሱ በብዙ የሚረዝመውን የጃክሰንቪሉን አርቲስ ጊልሞርን ከኋላ ቆሞ ውርወራውን ደጋግሞ መለሰበት። ማርከስ ጆንሰን በ1975 የዉደን የመጨረሻ ዋንጫ ላይ ነበር፤ በ1977 የአገሪቱ ምርጥ ተባለ። ዳንክ የተፈቀደውም በዚያ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ምን ያህል እንደተደሰተ ገምቱ።

ከሁሉ የማስቀድመው ግን ኤድ ኦባነንን ነው። ገና ግቢው እንደገባ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ይመለስ አይመለስ አጠራጥሮ ነበር። ተመለሰ። በ1995 ውድድር በሁለተኛው ዙር ከሚዙሪ ጋር አንድ ነጥብ ሲመሩባቸው 4.8 ሰከንድ ቀርቶ ነበር፤ ታየስ ኤድኒ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር አቋርጦ አገባና ነፍስ ዘራባቸው። በፍጻሜው ኤድኒ እጁ ተጎድቶ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መጫወት አልቻለም። ተጋጣሚው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን አርካንሳስ። ኦባነን 30 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዞ 89 ለ 78 አሸነፉ። ዩሲኤልኤ ያለ ዉደን ያገኘው ብቸኛ ዋንጫ ይህ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ክብደት አለው፤ የዉደን ተጫዋቾችን ሁሉ ስንመዝን «አሰልጣኙ ነው ወይስ ልጁ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላቸዋል፤ ኦባነንን አይከተለውም። በዚያ ላይ በ2009 የኮሌጅ ስፖርተኞች መልካቸው በቪዲዮ ጌም ሲሸጥ አንድ ሳንቲም አያገኙም ብሎ ኤንሲኤኤን ከሰሰ፤ በ2014 ፍርድ ቤት ፈረደለት። ዛሬ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ የሚሠሩበት መንገድ ሲከፈት የእሱ ክስ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ ነው። ይህ በተጫዋችነቱ አይቆጠርም፤ እኔም አልቆጠርኩትም። ብቻ ማወቁ አይከፋም።

ሦስተኛውን ለጌል ጉድሪች የሚሰጥ ቢመጣ ግን ብዙ አልጨቀጭቀውም። በ1965 ፍጻሜ ሚሺጋን ላይ 42 ነጥብ አገባ፤ ከእነዚህ 18ቱ በቅጣት ውርወራ። ዋንጫው የቡድኑ ሆነ። የውድድሩ ኮከብነት ግን ሦስተኛ ለወጣው የፕሪንስተን ተጫዋች፣ ለቢል ብራድሊ ተሰጠ፤ ብራድሊ በደረጃ ጨዋታው 58 አስቆጥሮ ነበር። ጉድሪች ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነው። እንዲህ ተበድሎ ለሄደ አጭር ሰው ሦስተኛነቱን ብንሰጠው አልሲንዶርም ዋልተንም የሚቀየሙ አይመስለኝም።